ስለ ምግብ በመጻፍና በመቅረጽ ብክነትን መቀነስ፦ ለሰሜን ሸዋ ጸሐፊዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደብረ ብርሃን፣ በመንዝ፣ በአንኮበር፣ በምንጃር፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢያቸው ሆነው ስለ ምግብ በቴሌግራም ለሚጽፉ፣ በቲክቶክና በዩቲዩብ ለሚቀርጹ፣ ወይም ይህንኑ ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ምግብ እንዳይባክን የሚረዳ ጽሑፍ ወይም ቪዲዮ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚፈተሽ፣ እንደሚዘጋጅና ለሰው እንደሚቀርብ ያስረዳል። በዚህ ጉዳይ ሰውን አሳምኖ ወደ ሥራ የሚያስገባው የማድ ቤቱ ማማር ሳይሆን፣ ተመዝኖና ተሞክሮ የተጻፈ፣ አንባቢዋ ማታ ቤቷ ገብታ ባላት ዕቃ ልትሠራው የምትችለው ምክር መሆኑን አጥብቄ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተጻፈው በዚህ እምነት ነው።

የጉዳዩን ስፋት በሁለት ቁጥሮች ማስቀመጥ ይቻላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ይህም ለተጠቃሚ ከቀረበው ምግብ ውስጥ 19 በመቶ ያህሉ ሲሆን፣ ከባከነው 60 በመቶ የሚሆነው የባከነው በመደብርና በምግብ ቤት ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከአዝመራ በኋላ ለሸማች ከመቅረቡ በፊት የሚጠፋው ምግብ 13 በመቶ ገደማ እንደሆነ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይገልጻል። ለእኛ ሀገር ገጠር ይህ ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ያላነሰ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም በጎተራ ነቀዝ የበላው ገብስ ሞሰብ ላይ ሳይደርስ የጠፋ እንጀራ ነው። ስለዚህ ስለ ምግብ የሚጽፍ ሰው ከድስትና ከምጣድ አልፎ ስለ እህል አቀማመጥም ሊጽፍ ይገባል። ለምሳሌ አየር በማያስገባ ሦስት ንብርብር ከረጢት ውስጥ የተቀመጠ እህል ላይ ያለው ነቀዝ አየር አጥሮት ስለሚሞት መድኃኒት መርጨት አያስፈልግም፤ ይህ ግን የሚሠራው እህሉ በደንብ ደርቆ ከገባና ከረጢቱ ካልተቀደደ ብቻ መሆኑ አብሮ መጻፍ አለበት።

ከሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ የሚወሰደው

ብክነት አልባ አኗኗርን በበይነ መረብ ያስተዋወቁ ሰዎች ሥራ በሁለት ፈርጅ ሊታይ ይችላል። አንደኞቹ የራሳቸውን ኑሮ ማሳያ አድርገው ያቀረቡ ናቸው። በካሊፎርኒያ የምትኖረው የፈረንሳይ ተወላጅ ቤያ ጆንሰን የቤተሰቧን የዓመት ቆሻሻ፣ በኒው ዮርክ የምትኖረው ሎረን ሲንገር ደግሞ ለዓመታት ያጠራቀመችውን ቆሻሻ በአንዲት ትንሽ የመስታወት ዕቃ ውስጥ አስገብተው አሳይተዋል። ያ የመስታወት ዕቃ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ብዙ ሰው እንዲያስብ አድርጓል። ሆኖም ብዙዎች ተከታዮች የወሰዱት ነገር ዕቃውን ነው፤ አዲስ የመስታወት ማስቀመጫ፣ አዲስ የቀርከሃ ማንኪያ፣ አዲስ የጨርቅ ቦርሳ መግዛት ብክነትን የመቀነስ ምልክት ሆኖ ተቆጠረ። ቤት ውስጥ ያለውን ጣሳና ቅል ጥሎ አዲስ ዕቃ መግዛት ግን ራሱ ብክነት ነው።

ሁለተኞቹ ጽሑፋቸውንና ሙያቸውን ወደ ተግባር የመሩ ናቸው። በዴንማርክ ሴሊና ዩል እ.ኤ.አ. በ2008 የምግብ ብክነትን የሚቃወም እንቅስቃሴ በጀመረች ጊዜ፣ ሬማ 1000 የተባለው የመደብሮች ድርጅት በዴንማርክ ለብዛት የሚሰጠውን ቅናሽ አስቀርቷል። ሦስት ሲገዙ የሚረክስ ዕቃ ሰውን ከሚበላው በላይ እንዲገዛ ስለሚገፋፋው፣ ቅናሹ ለአንዱ ዕቃ እንዲሆን ተደረገ። ጣሊያናዊው የምግብ ባለሙያ ማሲሞ ቦቱራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በሚላኖ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤክስፖ የተረፈውን ምግብ፣ ከካቶሊክ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመሆን፣ አገልግሎት ባቆመ ቲያትር ቤት ውስጥ ለችግረኞች እንዲዘጋጅ አድርጓል። ታዋቂ ባለሙያዎች የደረቀ ዳቦና የተጨማደደ አትክልት ይዘው ሲሠሩ መታየታቸው፣ የተረፈ ምግብ የሚያሳፍር ነገር ነው የሚለውን አመለካከት አለዝቧል። ለእኛ የሚበጀው ይህኛው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ማለትም ማሳያው የጸሐፊው ኑሮ ሳይሆን ምግቡ ይሁን፤ ግቡም መታየት ሳይሆን የአንድ ሱቅ፣ የአንድ ምግብ ቤት ወይም የአንድ ማኅበር አሠራር እንዲለወጥ ማድረግ ይሁን።

የሚጻፍበትን ነገር መምረጥ

ከመጻፍዎ በፊት በአካባቢዎ በእርግጥ የሚጣለው ምን እንደሆነ ይወቁ። ለአንድ ሳምንት የቤትዎን የምግብ ቆሻሻ በሁለት ባልዲ ለይተው ያስቀምጡ፤ በአንዱ ሊበላ ይችል የነበረውን፣ ማለትም የሻገተ እንጀራ፣ የኮመጠጠ ወጥ፣ የፈረሰ ቲማቲም፤ በሌላው ደግሞ የማይበላውን፣ ማለትም አጥንት፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የቡና አተላ። በየቀኑ ማታ ይመዝኑና ይመዝግቡ። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለ የጎረቤት ባለሱቅ ሚዛን ይበቃል። ይህን ለጥቂት ጎረቤቶችና ለአንድ ምግብ ቤት ቢያስሞክሩት፣ ከየትኛውም የውጭ ቪዲዮ የተሻለ የርእስ ዝርዝር ያገኛሉ።

የሰሜን ሸዋ ልዩ ባሕርይ ደጋውና ቆላው መቀራረቡ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ በዚያው ዋና መንገድ ጣርማ በርን አልፈው ደብረ ሲናን ተሻግረው ሲወርዱ የሚያገኟት ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደብረ ብርሃን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በሸዋ ሮቢት በዚያው ሰሞን ቀኑ ይሞቃል። ያልሞቀ ቦታ የተቀመጠ እንጀራ በደጋው ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ፣ በቆላው ቶሎ ይሻግታል። ቲማቲሙና ማንጎው በቆላ ገበያ በአንድ ቀን ሊለሰልስ ይችላል፤ ድንቹ ደግሞ በደጋው ለወራት ይቀመጣል። ስለዚህ «እንጀራ ይህን ያህል ቀን ይቆያል» ብሎ በደፈናው መጻፍ አንዱን አንባቢ ያሳስታል። ሁልጊዜ የት ቦታ፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዕቃ ውስጥ እንደተቀመጠ ይጻፉ።

ከፍታው ሌላም ነገር ይለውጣል። በደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በባሕር ዳርቻ ሀገሮች የተጻፈ የማብሰያ ሰዓት ለባቄላና ለሽምብራ የማይበቃው ለዚህ ነው። ጥራጥሬውን ማታ መዘፍዘፍ የሚያስፈልገውን ማገዶና ኤሌክትሪክ በግልጽ ስለሚቀንስ፣ በደጋ ለሚኖር አንባቢ ከሚሰጡ ምክሮች ዋነኛው ነው። ኩበትና እንጨትም የሚባክን ነገር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ባለሙያዋን መጠየቅ

በአካባቢያችን ምግብ እንዳይባክን የሚያደርገው ዕውቀት ያለው በአብዛኛው በእናቶች እጅ ነው። ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው ለአይብ፣ ከአይቡ የሚወጣው አጓት ለጥጃ ወይም ለልጆች፤ ከጠላው የሚቀረው አተላ ለከብት፤ ከአውድማው የሚቀረው ጭድ ለከብት መኖና ለግድግዳ ጭቃ፤ ከበጉ ሥጋው ለወጥ፣ ሆድ ዕቃው ለዱለት፣ ቆዳው ለአጎዛ፣ ጸጉሩ በመንዝ ለባናና ለዝተት። ይህ ሁሉ በቃል የሚተላለፍ ዕውቀት ስለሆነ፣ የሚጽፈው ሰው ካላስቀመጠው ልጆች ወደ ከተማ ሲገቡ ይቀራል።

አሠራሩን ለመማር ሲሄዱ ካሜራውን ቤት ትተው ይሂዱ። መጀመሪያ አብረው ይሥሩ፣ ውሃ ይቅዱ፣ ይጠይቁ፤ ቀረጻው በሌላ ቀን ይሁን። አነጋገሩም የአካባቢውን ወግ የጠበቀ ይሁን፤ «እትዬ፣ ይህን እንዴት እንደሚያደርጉት ቢያሳዩኝ፣ ለሌሎችም እንዲደርስ ብጽፈው ይፈቅዱልኛል?» ተብሎ ይጠየቅ። ፈቃድ ሲሰጡ ምን ላይ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚያየው፣ ፊታቸው እንደሚታይ ወይም እንደማይታይ በግልጽ ይነገራቸው፤ ከወጣም በኋላ ስልኩን ይዘው ሄደው ያሳዩዋቸው። በርካታ ወጣት ቀራጮች የአዛውንቶችን ሙያ የራሳቸው ፈጠራ አስመስለው ያቀርባሉ፤ ይህ ሌብነት ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ከፈቀዱ ሙያው የማን እንደሆነ፣ ካልፈቀዱ ቢያንስ ከየትኛው አካባቢ እንደተገኘ ይገለጽ።

መሞከርና መጻፍ

አንድን አሠራር ከመጻፍዎ በፊት ከባለሙያዋ ጋር ሆነው እየመዘኑ ይሥሩት። «ትንሽ ጨው» የተባለው ስንት የሻይ ማንኪያ እንደሆነ፣ «ጥቂት ሲቆይ» የተባለው ስንት ደቂቃ እንደሆነ የሚታወቀው በመለካት ነው። ልኩን አንባቢዋ ቤት ባለው መሥፈሪያ ይግለጹት፤ ሲኒ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ጭልፋና ጣሳ ሁሉም ቤት አለ፤ ግራሙን አጠገቡ ቢጽፉት ደግሞ ሚዛን ላላት ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ የጻፉትን ያንን ምግብ ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ሰጥተው፣ አንድም ቃል ሳይጨምሩ አጠገቡ ቆመው ሲሠራ ይመልከቱ። ቆም ብሎ የሚጠይቅበት ቦታ ሁሉ በጽሑፉ ውስጥ የጎደለ ዐረፍተ ነገር ያለበት ቦታ ነው።

ለማሳያ ያህል ድርቆሽን እንውሰድ። እንጀራ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ በተለመደ የክፍል ሙቀት ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ የሚሻግተውም ለዚህ ነው። ውሃው ሲወጣለት ግን ለወራት ይቆያል። «እንጀራውን ፀሐይ ላይ አድርቁ» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። የሚከተለው ዓይነት ጽሑፍ ግን ለሥራ ይበቃል፦

«ድርቆሽ የሚሠራው ካደረ ግን ምንም ሻጋታ ካልታየበት እንጀራ ነው። እንጀራው ከመሻገቱ በፊት፣ ማለትም በልተው እንደማይጨርሱት ባወቁበት በሁለተኛው ቀን፣ እንደ እጅ መዳፍ አነስ አድርገው ይቁረጡት። ቁርጥራጩ እንዳይደራረብ በሰፌድ ላይ ዘርግተው፣ ዝንብና አቧራ እንዳይገባው ንጹሕ ስስ ጨርቅ አልብሰው ፀሐይ ላይ ያስጡት። እኩለ ቀን ላይ ይገልብጡት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ጤዛ እንዳይመታው ወደ ቤት ያስገቡት፤ በማግሥቱ ይድገሙት። ደርቋል የሚባለው ሲታጠፍ ሳይሆን ቀጭ ብሎ ሲሰበር ነው። መሐሉ ለስለስ የሚል ካለ ይመልሱት፤ አንድ እርጥብ ቁራጭ ሙሉውን ከረጢት ያሻግታልና። ፀሐይ በማይገኝበት ክረምት እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ምጣዱ እየበረደ ባለበት ሰዓት ቁርጥራጩን ምጣዱ ላይ በትነው ይተዉት፤ ለዚህ ተጨማሪ ማገዶ አያስፈልግም። በሚገባ ከበረደ በኋላ በንጹሕ የጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ያስቀምጡት።»

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ መቼ እንደሚጀመር፣ ማለቁ በምን እንደሚታወቅ፣ ሊበላሽ የሚችለው የት ላይ እንደሆነ፣ ክረምት ሲሆን ምን እንደሚደረግ ተገልጿል። ለማንኛውም ሌላ አሠራር እነዚሁ አራት ጥያቄዎች መልስ ማግኘት አለባቸው። ስለ ደብረ ሲና ቆሎም ሲጽፉ ዝም ብሎ «የለሰለሰ ቆሎ አይጣልም» ከማለት ይልቅ፣ ቅባት ያልገባበት የገብስ ቆሎ ከሆነ በድጋሚ ታምሶ ሊበላ ወይም ተፈጭቶ በሶ ሊሆን እንደሚችል፣ ሱፍና ለውዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ዘይቱ ስለሚሸት ገብሱ መለየት እንዳለበት ያስረዱ። ስለ አጓትም ቢሆን ዳቦ ሲቦካ በውሃ ምትክ ሊገባ እንደሚችል፣ ጎምዛዛነቱ የሊጡን ጣዕም እንደሚለውጥና መጀመሪያ በግማሽ ውሃ ቀላቅሎ መሞከር እንደሚሻል ይጻፉ።

የማይበላውን መናገር

ብክነትን ስለ መቀነስ የሚጽፍ ሰው ትልቁ ኃላፊነት ይህ ነው። «ምንም አይጣል» የሚለው መፈክር ያምራል፤ ነገር ግን ሰውን ሊያሳምም ይችላል። የሚጣል ነገር አለ፤ ይጣል መባልም አለበት።

የሻገተ እንጀራና ዳቦ አይበላም። እንጀራ ለስላሳና እርጥብ ስለሆነ፣ ላይ ላዩን የታየው ሻጋታ ክር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የሻገተውን ቆርጦ ቀሪውን መብላት ከአደጋው አያድንም። ቀጥሎ የሚመጣው «ለላም ይሰጥ» የሚለው ምክር ደግሞ በደብረ ብርሃን አካባቢ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል፤ አካባቢው ወተት አምራች ነውና። አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይፈጥራሉ። ላም ይህን መርዝ የያዘ መኖ ስትበላ ከፊሉ ተለውጦ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በሻጋታ የተጎዳ እንጀራ፣ የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ወይም ከቢራ ፋብሪካ ወጥቶ ለቀናት ተከምሮ የሻገተ የገብስ ዝቃጭ ለላም ከተሰጠ፣ ከቤት የወጣው መርዝ በልጅ የወተት ኩባያ ተመልሶ ይገባል ማለት ነው። ትኩስ የጠላ አተላና ትኩስ የቢራ ዝቃጭ ግን ጥሩ መኖ ነው፤ ልዩነቱ ሳይቆይና ሳይሻግት መድረሱ ላይ ነው። ይህን ልዩነት የማያሳይ ቪዲዮ ባይወጣ ይሻላል።

የድንች ልጣጭ ጠብሶ መብላት በውጭ ሀገር ቪዲዮዎች በብዛት ይታያል። ንጹሕና ጤነኛ ድንች ከሆነ ችግር የለውም። ብርሃን አግኝቶ አረንጓዴ የሆነ ወይም የበቀለ ድንች ግን ሶላኒን የተባለ መርዛማ ነገር ስለሚያጠራቅም፣ በተለይ በልጣጩና በቡቃያው ውስጥ፣ ማብሰልም በቂ አያጠፋውም። ብክነቱን የሚያስቀረው ልጣጩን መብላት ሳይሆን ድንቹን ጨለማ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ማስቀመጥ ነው።

የበሰለ ምግብን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር አጭርና ግልጽ ነው፦ የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ሲቀመጥ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ፣ ሲበላ ደግሞ እስከ ውስጡ ከ70 ዲግሪ በላይ ይሙቅ። የደብረ ብርሃን ብርድ ይበቃል ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ፤ ምድጃ የነደደበት ቤት ግን ማቀዝቀዣ አይደለም። ማቀዝቀዣ ለሌላት አንባቢ የሚሻለው ምክር መጠኑን ቀንሶ መሥራት፣ ከድስቱ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ማውጣትና የተረፈውን ሳይውል ሳያድር ማካፈል ነው። በአንጻሩ ቅቤ ሲነጠር ውሃው ስለሚወጣለት ብዙ ይቆያል፤ ቋንጣም እንዲሁ። ምግብ የሚቆየው ውሃው ሲቀንስ፣ ሲኮመጥጥ፣ ጨው ሲበዛበት ወይም ሲቀዘቅዝ መሆኑን አንባቢ አንዴ ከተረዳ፣ ስለ ሌላው ምግብ ራሱ ሊፈርድ ይችላል። ምክንያቱን ማስረዳት ከአሥር አሠራር በላይ ይጠቅማል።

ከጾምና ከበዓል ጋር ማስኬድ

የውጭ ሀገር ጸሐፊዎች የሚከተሉት የጊዜ ሰሌዳ ለእኛ አይሠራም። እዚህ የብክነት ወቅት የሚወሰነው በጾም፣ በበዓልና በዝናብ ነው። ከሁዳዴ በፊት ባለው ቅበላ ሰው ሥጋና ቅቤ የሚጨርስበት ጊዜ ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት የሚወጣ ጽሑፍ ቅቤን አንጥሮ ማቆየትን፣ አይብን አድርቆ ማስቀመጥንና የተረፈ ሥጋን ቋንጣ ማድረግን የሚመለከት ይሁን። በ55ቱ የጾም ቀናት ውስጥ የወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ፣ ላም ያላቸው ቤተሰቦች ወተቱን ወደ ቅቤ መለወጥ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ለእነርሱ የሚጠቅም ይዘት የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ችግሩ ተገልብጦ የጾም ወጥና የሽሮ ትርፍ ይጣላል፣ ሥጋውም ይበዛል።

እዚህ ላይ አንድ የአካባቢያችን ጉዳይ አለ። ገና የሚውለው በደረቁ የበጋ ወራት ስለሆነ ቋንጣ ቶሎ ይደርቃል። ፋሲካ ግን ብዙ ጊዜ የሚውለው የመንዝ፣ የአንኮበርና የጣርማ በር ደጋዎች የበልግ ዝናብ በሚያገኙበት ሰሞን ነው፤ አየሩ እርጥብ በሆነበት ጊዜ ወፍራም ሆኖ የተሰቀለ ሥጋ ሳይደርቅ ይሸታል። ስለዚህ የፋሲካ ቋንጣ ከገናው ይልቅ ቀጠን ተደርጎ ይዘልዘል፣ ጨውና በርበሬው በደንብ ይግባው፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰቀል። የበጉ ቆዳም ቢሆን በዚያው ዕለት ጨው ካልተነሰነሰበት ይበላሻል፤ የቆዳ ዋጋ በወረደባቸው ዓመታት ብዙ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ስለታየ፣ አጎዛ አሠራሩን ማሳየት ዛሬም የሚፈለግ ይዘት ነው።

የማኅበር፣ የሰንበቴ፣ የተዝካርና የሠርግ ድግስ ሌላው ትልቅ ርእስ ነው። ድግስ ያነሰበት ቤት ስለሚታማ ሰው አብዝቶ ይደግሳል። ይህን በስብከት መለወጥ አይቻልም። የሚቻለው ትርፉ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ እንዲታሰብ መርዳት ነው፤ ከድግሱ በፊት ከአካባቢው የአብነት ትምህርት ቤት ጋር መነጋገር፣ ያልተነካው እንጀራ ወጥ ሳይነካው ለብቻ እንዲነሣ አንድ ሰው መመደብ፣ ለየቆሎ ተማሪው የሚደርሰው ምግብ ሳይሻግት በዚያው ቀን እንዲደርስ ማድረግ። የቆሎ ተማሪ ድርቆሽ የማድረግ ልማድ የቆየ ስለሆነ፣ ትርፍ እንጀራ በጊዜ ከደረሰው አይጠፋም። ምግብ የሚቀበል ሰው ፊት ግን አይቀረጽ። ተማሪም ሆነ ችግረኛ፣ ፊቱን አሳይቶ ተመልካች ማሰባሰብ ክብሩን መንካት ነው።

አቀራረብ

በቃላት ምርጫ ረገድ ዋናው ጥንቃቄ ቁጠባን ከስስት መለየት ነው። እንግዳ የሚያከብር ሕዝብ «አትርፉ» ሲባል «ስሰቱ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። «እንግዳ ሲመጣ እንዳያንስ እንዲህ ይቀመጥ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ያው ምክር በክብር ይደመጣል። በድህነት ምክንያት ምንም የማይጥለውን ቤተሰብ ስለ ብክነት ማስተማርም ተገቢ አይደለም፤ ለእርሱ የሚጠቅመው ያለው እህል እንዳይነቅዝ የሚረዳው ምክር ነው።

ቪዲዮ ሲሠሩ አጭር ይሁን፤ የሚሠራው እጅና ዕቃው ይታይ፤ የተበላሸውም ከጤነኛው አጠገብ ይታይ፤ ተመልካች የሻጋታውን ቀለም የሚያውቀው ሲያየው ነው። የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ለብዙ ሰው ከባድ ስለሆነ፣ ልኩና ቅደም ተከተሉ በጽሑፍና በአንድ ፎቶ በቴሌግራም ቢወጣ፣ ቪዲዮ ማውረድ ለማትችል አንባቢም ይደርሳል። ስለ ሙዚቃውና ስለ ጌጡ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ገንዘብና ማስታወቂያ

ተከታይ ሲበዛ ዕቃ ሻጭ ይመጣል። የተከፈለበት ይዘት የተከፈለበት መሆኑ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይነገር፤ በጽሑፉ መጨረሻ በትንሹ ማስቀመጥ መደበቅ ነው። አንድን ዕቃ ከማስተዋወቅዎ በፊት «ይህ ዕቃ ቤት ያለ ነገር ሊተካው ይችላል?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ አዎን ከሆነ ማስታወቂያውን አይቀበሉ። ለገበያ ዘንቢል፣ ለመንገድ ምግብ አገልግል፣ ለእንጀራ ሞሰብ አለ፤ ሦስቱም የሚሠሩት በአካባቢው ባለሙያዎች ስለሆነ፣ ማስተዋወቅ ካስፈለገ የእነርሱ ሥራ ይቅደም።

ፌስታልን በተመለከተ ሕጉን አውቀው ይጻፉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ስስ ፌስታሎችን ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ ሥጋ፣ አይብና እርጥብ ነገር ያለ ፌስታል ከገበያ እንዴት እንደሚመጣ ማሳየት አሁን የብዙ ሰው የዕለት ጥያቄ ነው። ክዳን ያለው ዕቃ ይዞ ሥጋ ቤት መሄድ፣ ባለሥጋ ቤቱ መጀመሪያ ባዶውን ዕቃ መዝኖ ክብደቱን እንዲቀንስ መጠየቅ፣ ለአይብ የኮባ ቅጠል በሚገኝበት አካባቢ በቅጠሉ መጠቅለል ሊቀረጹ የሚችሉ ተግባራት ናቸው።

ውጤቱን መከታተል

የተመልካች ብዛት ምግብ መትረፉን አያሳይም። ስለ ድርቆሽ በጻፉ በወሩ ከአንባቢዎችዎ ፈቃደኛ የሆኑትን ጥቂት ቤቶች መርጠው፣ መጀመሪያ ላይ እንዳደረጉት ሁሉ የሳምንት ቆሻሻቸውን በሁለት ባልዲ ለይተው እንዲመዝኑ ይጠይቁ። ካልቀነሰ ለምን እንደሆነ ይጠይቋቸው። ምናልባት ሰፌድ የሚዘረጋበት ግቢ የላቸው ይሆናል፤ በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ዘዴ ብቻ ነው የሚሠራው። ምናልባት ልጆቹ ድርቆሽ ፍርፍር አይወዱ ይሆናል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ የድርቆሽ ጽሑፍ ሳይሆን፣ ከመጀመሪያው ስንት እንጀራ መጋገር እንዳለበት የሚያሰላ ጽሑፍ ነው። ያገኙትን መልስ በዋናው ጽሑፍ ላይ ጨምረው፣ የታረመበትን ቀን ከርእሱ ሥር ጽፈው እንደገና ያውጡት፤ ቀድሞ ያነበበች ሴት ምን እንደተለወጠ ማወቅ አለባትና።